ከተሳቢዎቹ ጀርባ ያረፈችው ቀጭኔ

በሁለት ሺህ ሃያ፣ እኛ ቤት ውስጥ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት በምንለው ዓመት፣ ረጅሙ ዝናብ በገባበት ወቅት ነው። ዝናቡ በጊዜው መጥቶ ነበር። ሣሩ ቁርጭምጭሚት አልፏል፤ አንበጣ ከከብቱ የተረፈውን ይበላል። እኛ ዐቢይ ጾምን እንደያዝን በሽታው መጣና ድንበሩ ተዘጋ።

ያኔ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ በአንድ የማኅበረሰብ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። በሽኝቱ ቀን ተናገሪ ቢሉኝ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀመጥኩ። ትልቋ ልጄ ሐና ሳቀችብኝ። "እማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሠርተሽ ሁለት ቃል?" አለችኝ። የቀረውን እዚህ እጽፍላታለሁ።

አባቴ ከደጋ መጥቶ ሞያሌ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ባለቤቴ ቶሎ ዐረፈ። ሥራ የገባሁት ትንሿ ልጄ ገና ስትድህ ነበር፤ ስወጣ እሷ ራሷ ልትወልድ ደርሳለች። መጀመሪያ ለስካውቶቹ ምግብ አበስል ነበር። ስካውት የምንላቸው በእግራቸው እየዞሩ የዱር እንስሳቱን የሚከታተሉ የአገሬው ሰዎች ናቸው። በቤቴ አማርኛ፣ ከጎረቤት ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት ስዋሂሊ ስለለመድኩ ከወጥ ቤት ወደ መገናኛ ሬዲዮ አዛወሩኝ፤ ከዚያም ወደ መስክ። አውሬ ከብት ሲበላ ቤተሰቡ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ማጣራት ሥራዬ ሆነ። ብዙ አለቆች አይቻለሁ። አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዱ መኪና። የመጨረሻዋ "በልታችኋል?" ብላ ሳትጠይቅ ሥራ አታዝም ነበር። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ልጆቼ ግን ተምረውበታል፤ ተመስገን።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አለቆቹ አይደሉም። የስካውቶቹ መሪ አባ ጉዮ ናቸው።

አባ ጉዮ ጅብ ፍየል በላብን ተብለው ሲጠሩ የሞተችውን ፍየል አያዩም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። የቀረበላቸውን ሻይ ይጠጣሉ። ሰው ደኅና ነው? ልጆች? ከብቱስ? ውሃው? ሣሩ? አንዱን ጠይቀው መልሱን እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ ሌላውን አይጠይቁም። ሁሉም ካለቀ በኋላ "እንግዲህ ፍየሏን አሳዩን" ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ሰዓቴን አይ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ "ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ስንደርስ የሚነግሩን ንዴታቸውን ነው። ሲረጋጉ ያዩትን ይነግሩናል። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው።"

ከዚያ ቢላዋቸውን አውጥተው ቆዳውን ከአንገት ጀምረው ይገልጡታል። ከቆዳው ሥር ደም ከቋጠረ ፍየሏ የተነከሰችው በሕይወቷ ሳለች ነው። ሥጋው ንጹሕ ከሆነ ቀድማ በበሽታ ሞታ አውሬው በኋላ ነው ያገኛት። ጉሮሮዋ ላይ ጠበብ ያሉ ቀዳዳዎች ካሉ ነብር፤ ከኋላ ተዘንጥላ አጥንቷ ከደቀቀ ጅብ። ዱካም ያስጠኑኝ ነበር። ጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ሰፋ ይላል፣ ጥፍሩም መሬት ላይ ይታያል። ነብር ጥፍሩን ሰብስቦ ነው የሚሄደው። ማየት አይበቃቸውም፤ "በጣትሽ ዙሪያውን ዳስሺው፤ ጠርዙ ከተሸረፈ የትናንት ነው" ይሉኝ ነበር። ዱካ ላይ ተንበርክኬ ስዳስስ ያየኝ ሰው የምጸልይ ይመስለው ነበር። አንዳንዴም እጸልይ ነበር።

አንድ ያልተሳካልን ነገር አለ። በአንድ የድርቅ ዓመት ጎዶማ አጠገብ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች፣ የቀጭኔ ግልገል ብቻውን ተኝቶ አገኘን ብለው ደወሉ። አባ ጉዮ በዚያ ሳምንት ለሠርግ ወደ ድንበሩ ማዶ ተሻግረው ነበር። እናቱ ሞታበት ነው ተባለና መኪና ተላከ። እኔም ሄድኩ። በመኪናው ላይ ራሱን ታቅፌው ነው የመጣሁት። ሽፋሽፍቱ የሕፃን ነበር። የላም ወተት በጡጦ ሰጠነው። ግቢው ውስጥ እየተከተለን ይሄድ ጀመር፤ እንግዶችም ፎቶ አነሱት። ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ተበላሸና ሞተ።

አባ ጉዮ ሲመለሱ አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ያገኙት ሰዎች ምን ያህል ተቀምጠው ጠበቁ?"

ማንም አልጠበቀም ነበር።

"ቀጭኔ ግልገሏን ሣር ውስጥ አስተኝታ ውሃ ፍለጋ ትሄዳለች" አሉ። "ሩቅ ከሆነ ግማሽ ቀን ትቆያለች።"

ወደ ቦታው ይዘውን ሄዱ። ግልገሉ ተኝቶበት የነበረው ሣር ዙሪያውን ተረግጦ አፈሩ ወጥቷል። የትልቅ ቀጭኔ ኮቴ ነው፣ ዞሮ ዞሮ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። እናቱ ለቀናት ስትመላለስበት ከርማለች። እኔ ሦስት ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

አሁን ወደዚያ ዓመት ልመለስ።

በሽታው ሲመጣ ጎብኚ ቀረ፤ ደመወዛችንም ግማሽ ሆነ። ለስካውቶቹ ግን ሌላ ሥራ መጣ። የትኛው ቤተሰብ ከብቱን ይዞ ወዴት እንደተዛወረ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ የእርዳታውን ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና እንዲያደርሱ ተደረገ። በጠዋት የእንስሳቱን ዱካ ይከተላሉ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ዱቄት ይዘው ይመለሳሉ። ለእኔ የደረሰኝ የኦዳ አቅጣጫና የሾፌሮቹ ግቢ ነበር።

ሾፌሮቹ ጭነት ይዘው የተሻገሩ የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው። ተሳቢዎቻቸውን ከከተማው ዳር፣ ወደ ኦዳ በሚወስደው መንገድ ጎን፣ አጥር የሌለው ባዶ ቦታ ላይ አቁመው የምርመራ ውጤት ይጠብቁ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበታል ይባላል፤ እንደገና ይመረመራሉ። የከተማው ሰው ፈርቷቸዋል። ሱቅ አይሸጥላቸውም፣ ቦዳቦዳ የምንለው የኪራይ ሞተር ብስክሌትም አይጭናቸውም። "በሽታውን ያመጡት እነሱ ናቸው፤ ወደ ሜዳው ይውጡልን" እያለ ሕዝቡ ቺፉን ያጣድፈው ነበር። ቺፍ የምንለው የቀበሌያችን ሹም ነው። ሜዳው ደግሞ ውሃ የለበትም። አባ ጉዮ ቺፉ ዘንድ ሄደው "እዚያው ይቆዩ፤ ተጠያቂው እኔ ልሁን" አሉ። ቺፉ አባ ጉዮን ስለሚያከብር ዝም አለ። ነገሩ በዚህ ክር ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

መጀመሪያ ቀን የበቆሎ ዱቄት ስወስድላቸው ምናሴ የሚባለው ረዳት ከረጢቱን ከፍቶ ሽቅብ አየኝ።

"ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ኡንጋ ነው። በፈላ ውሃ ታገነፉታላችሁ።"

በማግስቱ ስመጣ ድስቱን ገልብጦ ይዞ ጠበቀኝ። ያገነፋው ከድስቱ አልወድቅ ብሏል። "ማዘር፣ በዚህማ የተሰነጠቀ ራዲያተር እንደፍንበታለን!" አለኝ። ማንኪያ ይዤ ራቅ ብዬ አሳየሁት። በሳምንቱ ከእኔ የተሻለ ያገነፋ ነበር።

መንገዱ ጸጥ ሲል እንስሳቱ ወደ ከተማው ቀረቡ። አንድ ጠዋት ከተሳቢዎቹ ጀርባ ባለው የግራር ጫካ ውስጥ አንዲት ቀጭኔ ከአዲስ ግልገሏ ጋር ታየች። ሾፌሮቹ በአንድ ቀን ስም አወጡላት፦ ሻንሲ። ከመኪና ሁሉ ሻንሲዋ ረጅም ነው ብለው። ጠዋት ስደርስ የሚነግሩኝ የእሷን ወሬ ሆነ። ሻንሲ አደረች፣ ሻንሲ አጠባች፣ ሻንሲ የጋሽ ታደሰን ተሳቢ ሸራ አሸተተች። ጋሽ ታደሰ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሾፌር ናቸው። "እዚህ ከመጣን 'እንዴት አደራችሁ' ብሎ የጎበኘን ከአንቺ ሌላ እሷ ናት፣ የሐና እናት" ይሉኝ ነበር።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ስለነበረ ከልጆቼ ጋር ቤት ውስጥ እየሰገድን ነበር። ስልኬ ጮኸ። ሃላኬ ነው፤ ግራሩን እንዲጠብቅ የተመደበው ስካውት። አማርኛውን የለመደው ፍየል ሲሸጥ ነው።

"ማማ ሐና! ሾፌሮቹ ለፋሲካ ሻንሲን ሊያርዷት ነው!"

"ማን አለህ?"

"በጆሮዬ! 'ሻንሲዋን እንረድ' ሲሉ ሰማሁ። ቅርጫ አሉ። ዕጣ አሉ። ቢላዋም ይስላሉ።"

"ለማን ነገርክ?"

"ለቺፉ።"

ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። በቦዳቦዳ አባ ጉዮን ይዤ ስደርስ ቺፉ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ከመኪናው እየወረደ ነበር። ሾፌሮቹ ቆመው ያዩናል። የተሳለው ቢላዋ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ሻንሲ በግራሩ በላይ አንገቷን አውጥታ እሷም ታየናለች።

"መኪናችሁን አስነሡ" አለ ቺፉ በስዋሂሊ። "ነገ ጠዋት እዚህ አንድ ሰው ማየት አልፈልግም።"

አባ ጉዮ የሰሙትም አይመስሉ። ራቅ ብሎ ያለ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። እኔንም በእጃቸው ምልክት አስቀመጡኝ። "ተርጉሚልኝ፤ ሰላም ናችሁ ወይ በያቸው" አሉ።

አልኳቸው። ደኅና ነን አሉ። ያመመው ሰው አለ? አንዱ ጥርሱን። ቤተሰቦቻችሁስ? አንዱ ሚስቱ ወልዳለች፤ በስልክ ነው ያያት። ወንድ ነው ሴት? ሴት። ስሟ? ገና ነው፤ ክርስትናዋ አባቷን ይጠብቃል። ውሃው ይበቃችኋል? ዱቄቱስ? ቺፉ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔ ራሴ ቀጥታ መጠየቅ ነበር የፈለግኩት። አባ ጉዮ ግን የእያንዳንዱን መልስ እስከ መጨረሻው ጠበቁ።

በመጨረሻ "ለበዓላችሁ ምን አሰባችሁ?" አሉ።

የጋሽ ታደሰ ፊት በራ። "በሬ አግኝተናል! ገበያው ዝግ ነው፤ ግን ጎዶማ ካለ ሰው ጋር በስልክ ተስማምተናል። ነገ ያደርስልናል። ቅርጫ ልንገባ ነው። ለአንቺም መደብ አለሽ፣ የሐና እናት። አንድ ነገር ብቻ ነው የጨነቀን።"

"ምን?" አልኩ።

"ሻንሲ ናታ! አራስ እኮ ናት። በሬው ሲያጓራ ደንግጣ ልጇን ትታ ብትሄድስ? ከትናንት ጀምሮ የምንመካከረው እሱን ነው፤ ሻንሲዋን ሳናስደነግጥ እንረድ፣ ግን እንዴት እያልን።"

ሃላኬ ወደ ፊት ቀረበ። "ሻንሲዋን... ምን?"

"ሳናስደነግጥ።"

"ሳናስ..."

"ሳናስደነግጥ!"

ሃላኬ አፉን የሸፈነበትን ጨርቅ ነካ፤ የጋሽ ታደሰንም አየ። "ያቺ ቃል ጨርቁ ውስጥ ቀርታለች" አለ ቀስ ብሎ።

ምናሴ ነው መጀመሪያ የሳቀው። "ወንድሜ፣ ሻንሲን ብናርዳትስ መሰላሉን ማን ይይዝልናል?" አለው። ግቢው ሁሉ ሳቀ። ለቺፉ ስተረጉምለት ዓይኖቹ ጠበቡ፤ ከማስኩ በታች የሆነውን አላውቅም።

አባ ጉዮ ብቻ አልሳቁም። "ጩኸቱን አይደለም እኔ የምፈራው" አሉ በኦሮምኛ። "ደሙን ነው። ጅብ ሽታውን ተከትሎ ሲመጣ ግልገሉን ያገኘዋል።"

ስተረጉምላቸው ሳቁ ቆመ። ቺፉ ይህንን ያለ አስተርጓሚ ሰምቷል።

"ግልገሉ ከተበላ ለሕዝቡ ጅብ በላው ብዬ ማንን ላሳምን ነው?" አለ። "ሾፌሮቹ በሉት ነው የሚሉት። ያን ጊዜ እርስዎም አያድኗቸውም፣ አባ ጉዮ። እሑድ ጠዋት እመጣለሁ።"

የቺፉንም ቃል ስነግራቸው ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞር ብለው ተያዩ። "ይቅር በቃ" አሉ። "ሽሮ አለን። በሽሮ እንፈስካለን።"

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ቀን ጾመው፣ በሰው አገር ሜዳ ላይ፣ ለአንዲት ቀጭኔ ልጅ ብለው በዓላቸውን ሊተዉ ነው። አባ ጉዮ "ምን አለ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ከድንጋዩ ተነሡ።

"በዓላችሁን አትተዉም" አሉ። "እንዴት እንደሚደረግ እኔ አሳያችኋለሁ።"

ቅዳሜ በሬው መጣ። አባ ጉዮ ጥቂት አፈር በጣታቸው እየበተኑ ነፋሱን አዩና እርዱን ከመንገዱ ማዶ፣ ነፋሱ ሽታውን ከግራሩ አርቆ በሚወስድበት ቦታ አደረጉት። ሾፌሮቹ በመኪና አካፋ እስከ ወገባቸው ቆፈሩ። ደሙ በቦይ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፤ ፈርሱም ገባበት። በላዩ ዐመድ፣ በዐመዱ ላይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ እሾህ። የታረደበትን ሣር ሳይቀር ነቅለው ቀበሩት። ሥጋውን ሸራ ላይ በመደብ ከፋፍለው ዕጣውን በብሎን አወጡ፤ እያንዳንዱ ሾፌር ከመኪናው የፈታውን ብሎን ሰጥቶ። አባ ጉዮ ሙስሊም ናቸውና የእኛን እርድ ስለማይበሉ ቆዳውን ሰጧቸው። ለበሽታው የታወጀው ሰዓት እላፊ ሲቃረብ ፖሊስ ወደየቤታችን ሰደደን። ሃላኬ ግን ጥበቃው ስለሆነ እዚያው ቀረ።

ቤቴ ሆኜ ከልጆቼ ጋር የትንሣኤን ጸሎት በስልክ ሰማን። ከሐሙስ ጀምሮ እህል ሳልቀምስ አክፍዬ ነበር። ዶሮ ሲጮኽ ሐና ሳህን አቀረበችልኝ። "እናንተ ብሉ፤ እኔ ግቢውን አይቼ" አልኳት። ስለምታውቀኝ አልተከራከረችኝም።

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በእግሬ ሄድኩ። ማምሻውን ካፊያ ስለነበረ መሬቱ ሁሉን ይናገራል። ጉድጓዱ ጋ ተንበረከኩ። ጅቦች መጥተዋል፤ ከሁለት ይበልጣሉ። ዙሪያውን ዞረዋል፣ እሾሁን ጎትተዋል፣ አንድ ድንጋይ ፈንቅለዋል። ዐመዱ ላይ ደርሰው ተዉት። ከዚያ ዱካቸው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ግራሩ አቀና። ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት። አልተሸረፈም።

እየሮጥኩ ተከተልኩት። መንገዱን እንደተሻገርኩ ቆምኩ። ተሳቢዎቹ ትናንት የነበሩበት ቦታ አልነበሩም። አፍንጫና ጅራታቸውን ገጥመው፣ በመንገዱና በግራሩ መካከል፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ አጥር ተደርድረዋል። የጅቦቹ ዱካ እስከ ጎማዎቹ ይደርሳል፤ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ እርምጃው ተራርቋል። ሮጠዋል።

ሾፌሮቹ በተሳቢዎቹ ላይ ነጠላና ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ጠፍቷል። ሌሊቱን በሙሉ ሲዘምሩ ነው ያደሩት። ሃላኬ በመካከላቸው ጀሪካን ታቅፎ ተኝቷል።

"ከበሮ መቺያችን ነው" አለኝ ምናሴ በሻከረ ድምፅ። "ዜማው አንድም ቀን አልገጠመም፤ ግን ጅብ ያባርራል።"

"ሻንሲስ?" አልኩ።

ጋሽ ታደሰ በእጃቸው አሳዩኝ። በሁለት መኪናዎች መካከል አጮልቄ አየሁ። ጫካው ውስጥ ራቅ ብላ ቆማለች። ግልገሉ ከሥሯ ገብቶ ይጠባል፤ ጅራቱ ይወዛወዛል።

ቺፉ እንዳለው መጣ። አባ ጉዮም አብረውት ነበሩ። ዱካውን ከጉድጓዱ ጀምሬ እስከ ጎማዎቹ አሳየሁት። በተሳቢዎቹ መካከልም አጎንብሶ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ "ምርመራው እስኪያልቅ ይቆዩ" አለና አባ ጉዮን በመኪናው ይዟቸው ሄደ።

ጋሽ ታደሰ ከመደቤ ጥቂት ጠብሰው በድስት ክዳን ላይ አስቀመጡልኝና ራቅ ብለው ቆሙ። ማስኬን አወረድኩ። አማተብኩና በላሁ።